ከጎንደር ወደ በረሃ ለሚወርድ ሰው፦ እባቡን፣ እንሽላሊቱንና ዛፉን ለይቶ አብሮ የመኖር አሠራር

ይህ መመሪያ ከጎንደርና ከዙሪያዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ታች አርማጭሆና ምዕራብ አርማጭሆ ለሰሊጥ አረም፣ ለአጨዳ፣ ለዕጣን ሥራ ወይም ከብት ይዞ ለሚወርድ ሰው ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በአዘዞና በአይከል አልፎ ገንዳ ውኃን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የደረሰ ሰው ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል። በአንድ ቀን መንገድ አፈሩም፣ እሾሁም፣ እባቡም ሌላ ይሆናል፤ ደጋ ላይ የተለመደው አረማመድና አተኛኘት እዚያ አያዋጣም።

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። እባብ በመግደል አይቀንስም። ዛሬ አንዱ ቢገደል ነገ ሌላው አይጥ ተከትሎ ይመጣል። አደጋውን የሚቀንሰው አይጡን፣ ቁልሉንና የመሬቱን ስንጥቅ ከመኝታ ማራቅ ነው።

ከመውረዳችሁ በፊት

ብዙ ሠራተኛ በኮንጎ ጫማ ወይም በሰንደል ይወርዳል። እባብ በብዛት የሚነድፈው ከቁርጭምጭሚት በታች ስለሆነ ከሁሉ የሚቀድመው ወጪ ጫማ ነው። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ወይም የጎማ ቡትስ፣ በላዩም ወፍራምና ሰፋ ያለ ሱሪ ይኑራችሁ። የሱሪውን ጫፍ ቡትሱ ውስጥ አትክተቱት፤ ከውጭ ይውረድ። ጥርሱ ጨርቁ ላይ ሲቀር ከእግር ላይ መቅረቱ ነው።

ሌላው የሚያዘው ይህ ነው፦

- በእጅ የሚያዝ ባትሪ፣ ከመለዋወጫ ድንጋዩ ጋር። የስልክ መብራት ከእግር ሥር አልፎ አያሳይም፤ ስልኩም ለመደወል ቻርጅ ያስፈልገዋል።
- 1.5 ሜትር ያህል የሆነ ዱላ።
- መድኃኒት የተነከረ አጎበር፤ ጫፉ ከፍራሽ ሥር እስኪታጠፍ የሚበቃ።
- የቆዳ ጓንት።
- 2 ሰፋፊ የጨርቅ ጥቅልል ወይም አሮጌ ነጠላ፣ እስክሪብቶ፣ ፓራሲታሞል።

አንድ ሌላ ሥራ አለ፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ወደምትሰሩበት እርሻ ስትደርሱ በዚያው ቀን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው? የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚገኝበት ሆስፒታል የትኛው ነው? በሌሊት መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ማን ነው? የባለ መኪናውን ቁጥር ቢያንስ ሦስት ሰው ስልክ ላይ መዝግቡ። የቆሰለው ሰው ስልክ ብቻ ላይ ያለ ቁጥር እንደሌለ ነው።

ማደሪያ መምረጥ

የቆላው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ክንድ የሚያስገባ ይሆናል፤ አይጥ ይገባበታል፣ አይጡን ተከትሎ እባብ ይገባል። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ቀኑን በዚሁ ስንጥቅ ውስጥ ታሳልፋለች። ስለዚህ ማደሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ መሬት ይታያል፣ ጥላ በኋላ ይመጣል። ጠጠርማ ወይም ቀይ አፈር ያለው ከፍ ያለ ቦታ ካለ ትንሽ ርቆም ቢሆን እሱ ይሻላል።

1. በዳሱ ዙሪያ 5 ሜትር ያህል ሣሩንና ቁጥቋጦውን እስከ መሬት መንጥሩ። እባብ ገላጣ መሬት ማቋረጥ አይወድም፤ ቢያቋርጥም ይታያል።
2. በዚያ ክልል ውስጥ ያለውን ስንጥቅና ጉድጓድ በአፈር ደፍኑ፣ ረግጣችሁ አጥብቁ።
3. ማገዶ፣ ድንጋይና የሰሊጥ ጭድ ከመኝታ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ማገዶውን በሁለት ግንድ ላይ ከፍ አድርጎ መደርደር ይሻላል፤ ሥሩ ይታያል።
4. እህልና ዱቄት መኝታ ቤት አይደር። ጆንያው ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ፍርፋሪና የእንጀራ ትራፊ ማታውኑ ይወገድ።
5. መሬት ላይ አትተኙ። የጠፍር አልጋ ወይም በሽመል የተሠራ ቆጥ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ይቁም። አጎበሩ ከፍራሹ ሥር ዙሪያውን ይታጠፍ። መሬት ተነጥፎ የሚተኛ ሰው በሌሊት ሲገላበጥ እባቡን ተጭኖ ይነደፋል፤ ብዙ ጊዜ ሳይነቃ።
6. ዶሮ ካለ ቆጡ ከመኝታው ይራቅ። ዕንቁላልና ጫጩት ኮብራንም አርጃኖ የሚባለውን ትልቅ እንሽላሊትም ይጠራሉ።

ናፍጣ መርጨት፣ ጎማ ማጨስ፣ በደጃፍ ጨው ወይም ነጭ ሽንኩርት መበተን እባብ አያስቀርም። ጤና አዳም በዳሱ ዙሪያ የሚተክል አለ፤ ለቡናው ይጠቅመዋል፣ ለእባቡ ግን ምንም አይለውጥም።

ዛፉ ምን ይነግራችኋል

በቆላ ዛፍ መለየት ምርጥ ማደሪያና ክፉ ማደሪያ መለየት ነው። በብዛት የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው።

*ግራር።* ቅርፊቱ በእጅ ሲታሽ ቀይ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የሚተወውና ረጃጅም ነጫጭ እሾህ ያለው ግራር ዋልካ ላይ በብዛት ይበቅላል። ሙጫ የሚሰጠው ሌላው ግራር ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው የተቆለመሙ አጫጭር እሾሆች አሉት።

*በደኖ።* እሾሁ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለና ረጅም ነው፤ ቀጭን ሶል ይበሳል። ቅጠሉ ሁልጊዜ ጥንድ ነው። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይበላል።

ዋልካው ላይ ግራርና በደኖ አብረው ከበቀሉ ያ ቦታ የአሸዋ ዝንብ መንደር ነው። በቀን ጥላው ያሳርፍ፤ ከምሽት እስከ ንጋት ግን ሥሩ አይተኛም። ከበረሃ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት የያዘው፣ የከሳና በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ያበጠ ሰው «ወባ ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ ለካላዛር ይመርመር።

*ቁርቁራ፣ ገባም ይባላል።* እሾሁ ጥንድ ነው፣ አንዱ ቀጥ ያለ ሌላው የተቆለመመ፤ ለዚህ ነው ልብስ ይዞ የማይለቀው። ከቅጠሉ ግርጌ ሦስት ጅማቶች ይነሣሉ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ጥሩ አጥር ይሆናል፤ ነገር ግን የደረቀ የእሾህ አጥር ሥሩ ካልተጠረገ የአይጥና የእባብ መሸሸጊያ ይሆናል።

*የዕጣን ዛፍ።* ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል፤ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይቆማል። የሚቆረጠው በበጋ ነው። ዕጣን ቆራጩ ዓይኑ ግንዱ ላይ ስለሚሆን እግሩን ይረሳል። ከግንዱ ከመድረሳችሁ በፊት ሥሩን በዱላ ዙሩት፣ ከዚያ ቅረቡ። የወደቀ ዕጣን በሣር ውስጥ በባዶ እጅ አይዳበስም።

አሁን ወደ መርዛሞቹ። ቁልቋልና ቅንጭብ በደጋውም በአጥርነት ስለሚታወቁ ሰው ይደፍራቸዋል። ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ፤ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቆስላል፣ ለጊዜውም ሊያሳውር ይችላል። በለስን ከቁልቋል የማይለይ አለ። መለያው ቀላል ነው፦ የበለስ ግንድ ዝርግ ነው፣ ሲቆረጥ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ እንጂ ወተት አይሰጥም፣ እሾሁም ከትናንሽ ነጠብጣቦች በእቅፍ ይወጣል፤ ቁልቋል ግን ጠርዘ ብዙ ነው፣ እሾሁ በጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሰለፋል። እሬትም ከእነዚህ ጋር ይምታታል፤ እሱ ግንዱ ሳይሆን ቅጠሉ ነው ወፍራሙ፣ ፈሳሹም ቢጫና መራራ ነው።

ጦቢያው በመንገድ ዳርና በተተወ እርሻ ላይ ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግራጫ የተቀባ የሚመስል፣ ፍሬው በነፋስ የተሞላ አረንጓዴ ከረጢት ነው። ልጆች ፍሬውን እያፈነዱ ይጫወታሉ፤ ይከልከሉ፤ ወተቱ ለዓይን ክፉ ነው። አስተናግር ደግሞ በእርሻው ውስጥ ይገባል። አበባው ነጭ ጡሩንባ፣ ፍሬው እሾሃም እንክብል ነው። በአረም ጊዜ ፍሬ ሳይቋጥር ካልተነቀለ ዘሩ ከእህል ጋር ይወቃል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቀባዥራል፤ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፣ «ተለክፏል» ተብሎ አይቆይም።

ወተት ያለው ተክል ስትቆርጡ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፣ መነጽርና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ እጅ ሳትታጠቡ ፊት አትንኩ። ዓይን ከገባ ወዲያው በንጹሕ ውኃ፣ ሽፋኑን ከፍቶ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጠብ ነው። አንድ ጀሪካን ቢጨርስም ይጨርስ። ከዚያ ወደ ዓይን ሐኪም።

ተሳቢውን መለየት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ በቆላ ግን የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው፤ እባቡን ልጥ ነው ብሎ የሚረግጠው ይበዛል። መርዛማና መርዝ አልባ እባብን በጭንቅላት ቅርጽ ወይም በብሌን ለመለየት አትሞክሩ። «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው» የሚለው ለእፉኝት ይሠራ ይሆናል፤ ኮብራ ግን ጭንቅላቱ ሾጣጣ፣ ብሌኑ ክብ ነው።

*ትልቋ እፉኝት።* ርዝመቷ 1 ሜትር አካባቢ፣ ሰውነቷ ግን እጅግ ወፍራም፣ ጅራቷ አጭር ነው። ጀርባዋ ላይ ቀስት የመሰለ ጥቁርና ቢጫማ ምልክት እስከ ጅራቷ ይደረደራል። ስትቆጣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ትነፋለች። ችግሩ አለመሸሿ ነው፤ ሰው ሲመጣ ባለችበት ተጋድማ ትጠብቃለች፣ ሲረገጡባት ትነድፋለች። ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚባለው ውሸት ነው፤ ሕያው ልጆች ትወልዳለች፣ እሷም ትኖራለች።

*ትንሿ እፉኝት።* ለእኛ በረሃ ከሁሉ የምታሰጋው ይህች ናት። ብዙ ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም፣ ቡናማ ወይም አሸዋማ ናት፣ በጀርባዋ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች፣ በጎኗ የቀስት መስመር አለባት። ተጠምጥማ ጎኗን ከጎኗ ስታፋጭ ሸካራ ቅርፊቷ ሽርርር ይላል፣ ትኩስ ብረት ምጣድ ላይ ውኃ የተረጨ ያህል። ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ፣ ከየት እንደመጣ በዓይን ፈልጉ፣ ከዚያ በመጣችሁበት ወደ ኋላ ተመለሱ። የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። መርዟ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ስለዚህ የተነደፈው ሰው መጀመሪያ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ከድዱ፣ ከአፍንጫው ወይም ከአሮጌ ቁስሉ ይደማል። ትንሽነቷ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

*ኮብራ።* ረጅምና ለስላሳ ነው፣ ተነሥቶ አንገቱን ያሰፋል። መርዝ ወደ ዓይን የሚተፋ ዓይነትም ስላለ ከ3 ሜትር ወዲህ አይቀረብም። የነደፈው ሰው ዓይኑ ይከደንበታል፣ መናገርና መዋጥ ያቅተዋል፣ ከዚያ መተንፈስ።

*አፈር ውስጥ የሚኖረው ጥቁር እባብ።* ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ትል ብሎ የሚንቀው። ጥርሱን ወደ ጎን አውጥቶ ስለሚወጋ ከአንገቱ ቢያዝም ይነድፋል። በእጅ አይነሣም።

ዘንዶ መርዝ የለውም፤ ፍየል ግልገል ሊወስድ ይችላል፣ በረቱን ማጥበቅ እንጂ እሱን ማሳደድ አይጠቅምም። አርጃኖ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፣ በወንዝ ዳር ይታያል፣ ዕንቁላልና ሥጋ ፈላጊ ነው። ካልያዙት አይደርስም፤ ከያዙት ግን በጅራቱ ይገርፋል፣ ይነክሳልም። እስስት ምንም አታደርግም፤ ሰው በከንቱ ይፈራታል። እንሽላሊት ሁሉ ተባይ በላ ነው። እግሩ ያነሰ እንሽላሊት እባብ መስሎ ይገደላል፤ ዓይኑን ከከደነ ወይም የጆሮ ቀዳዳ ከታየው እንሽላሊት ነው፣ እባብ የዓይን ቆብም የጆሮ ቀዳዳም የለውም። ኤሊን አታንሱ፤ ስትደነግጥ ሽንቷን ትለቃለች፣ በበጋ ያ የያዘችው ውኃ ነው። በተከዜ ዳር ደግሞ አዞ አለ፤ ውኃ የሚቀዳው ዳሩ ገላጣ ከሆነበት፣ በቀን ነው።

በቋራ በኩል ያለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ ነው፤ ተሳቢዎቹም የዱር እንስሳት ስለሆኑ በአዋጅ ይጠበቃሉ። የአርጃኖና የዘንዶ ቆዳ ገዢ አለኝ የሚላችሁን ተዉት።

በአረምና በአጨዳ

በሐምሌና ነሐሴ አረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አጨዳ፤ እጅና እግር ከመሬት የማይርቅበት ጊዜ ነው። ከማጨዳችሁ በፊት የምትገቡበትን ረድፍ በዱላ ምቱ። የታሰረ ነዶ ለማንሣት እጅ በሥሩ አይሰድድም፤ በማጭዱ እጀታ ወይም በዱላ ወደ ራሳችሁ ገልብጡት፣ ሥሩን እዩ፣ ከዚያ ከወገቡ አንሡት። ለቀናት ቆሞ የደረቀ ክምር ሲፈርስ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ይሳብ፣ ሌላው ይይ። በማለዳ ቅዝቃዜ እባቡ ከክምሩ ሥር አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ክምር ማፍረሻ ሰዓት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው። ጫማ ጠዋት ተገልብጦ ይራገፋል። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ አብርቶ፣ ጫማ አድርጎ ይወጣል፤ «እዚህች ነው» የሚባለው ርቀት ነው ብዙ ሰው የሚነደፍበት።

እባብ ዳስ ውስጥ ከገባ

ልጆቹን አስወጡ። አንድ ሰው ከ3 ሜትር ርቆ እባቡን ሳይለቅ ይመልከት፤ ከጠፋ ሌሊቱ ጠፋ ማለት ነው። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ከበሩ ፊት ማንም አይቁም፣ ከተቃራኒው ጎን መሬቱን በዱላ ቀስ እያላችሁ ምቱ። መውጫ ካየ ይወጣል። ካልወጣና ሌሊት ከሆነ ክፍሉን ዝጉ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጋቢ ወትፉት፣ ሌላ ቦታ እደሩ። ለመግደል ሲሞከር ነው ብዙ ሰው የሚነደፈው። የተቆረጠ ጭንቅላትም ለተወሰነ ጊዜ ይነክሳል፤ ልጅ እንዳይጫወትበት በአካፋ ቅበሩት።

ከተነደፈ

1. ሰውየውን ከእባቡ አርቁ፣ አስቀምጡት ወይም አስተኙት። አይሩጥ፣ አይራመድ።
2. ቀለበት፣ አምባር፣ ክር፣ ጠባብ ጫማ ወዲያው ይውለቅ፤ እጁ ሲያብጥ አይወጣም።
3. የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በሁለት ቀጭን ሽመል መካከል አድርጋችሁ በነጠላ እሰሩ፣ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ። ጣት በእስሩ ሥር መግባት አለበት።
4. ሰዓቱን ጻፉ። የእብጠቱን ጫፍ በእስክሪብቶ አስምሩ፣ በየ30 ደቂቃው ደግማችሁ አስምሩ። ሐኪሙ ከንግግራችሁ ይልቅ ይህን ያምናል።
5. በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ በቃሬዛ ወደ መኪና። በሞተር ከሆነ በሁለት ሰው መካከል ይቀመጥ።
6. እባቡን አትፈልጉ። ካለበት በስልክ ከሩቅ ፎቶ ማንሣት ይበቃል።

በገመድ ጠብቆ ማሰር እግር ያስቆርጣል። ቀድሞ ታስሮ ከመጣ በድንገት አትፍቱት፤ ጤና ተቋም ይፈታ። በምላጭ መብጣት፣ ዋግምት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት አይደረግም። በትንሿ እፉኝት የተነደፈ ሰው ደሙ አይረጋም፤ የተበጣው ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ይደማል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን መድማቱን ያባብሳሉ። ጸሎቱ መኪናው እየሄደ ይደረስ። ፀበል ግን ዓይኑ መከደን ለጀመረ ሰው አይሰጥ፤ መዋጥ ሲያቅተው ይታነቃል።

ኮብራ ዓይን ውስጥ ከተፋ እንደ ቁልቋሉ ወተት ነው፦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በውኃ ማጠብ፣ አለማሸት፣ ከዚያ ሐኪም።

ጤና ተቋም ስትደርሱ

ምልክት ባይታይም 24 ሰዓት ክትትል ጠይቁ። የደም መርጋት ምርመራው ላቦራቶሪ አይፈልግም፦ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ፣ ደረቅ የመስታወት ቱቦ ይቀዳል፣ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቀመጣል፣ አንድ ጊዜ ይዘነበላል። ከፈሰሰ ደሙ አይረጋም፣ ማርከሻ ያስፈልገዋል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ወይም በሳሙና የታጠበ ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል፤ በገጠር ምርመራው የሚበላሸው በዚህ ነው።

ማርከሻው ለአፍሪካ እባቦች የተሠራ መሆኑ ይታይ፤ ለእስያ እባቦች የተዘጋጀው በእኛዋ እፉኝት ላይ አይሠራም። ልጅም እንደ አዋቂ እኩል መጠን ይወስዳል፣ መርዙ ያው ነውና። ማርከሻ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል አድሬናሊን በተዘጋጀበት እንጂ ሜዳ ላይ ወይም ፋርማሲ ውስጥ አይወጋም። ቁስሉ የቴታነስ ክትባትም ይጠይቃል።

ማርከሻ የወሰደ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ወደ ደጋ ይመለሳል። ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ማሳከክ ሊመጣበት ይችላል። የመውጫ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፣ በአገሩ ላለው ጤና ጣቢያም «ማርከሻ ወስጃለሁ» ብሎ ቀኑን ይንገር፤ አለዚያ ለወባ ይታከማል።